ከቅሬ ኮሚቴ ወርዶ አንድ ቅዳሜን ለራስ ማዋል

ኮሚቴ መግባት ቀላል ነው። ስብሰባ ላይ አንዱ ስማችሁን ይጠራል። ሌላው "እደግፋለሁ" ይላል። ይጨበጨባል፤ አለቀ። መላ የሚፈልገው መውጣቱ ነው።

እኔ ደሴ ውስጥ በሰፈራችን ቅሬ 12 ዓመት አገለገልኩ። መጀመሪያ ጸሐፊ፣ ኋላ ገንዘብ ያዥ ሆኜ። ሌላ አገር እድር የሚባለውን እኛ ወሎዎች ቅሬ እንለዋለን። ሥራው ያው ነው፤ ሰው ሲሞት ድንኳን መትከል፣ ቀብር ማስፈጸም፣ ለቀስተኛ ማስተናገድ። ሦስት ጊዜ "በቃኝ፣ ልውረድ" ብዬ ሦስቱንም ጊዜ በጭብጨባ ተመለስኩ። በአራተኛው ወረድኩ። ሦስቱን ጊዜ የሞከርኩት በንግግር ነበር። አራተኛውን በርክክብ ወረቀት ሞከርኩት።

ከወረድኩ በኋላ ደግሞ የመጀመሪያው ቅዳሜ መልሶ ሊያስገባኝ ምንም አልቀረውም። ሥራ ፈትቼ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ነበራ! ሥራ የፈታ የቀድሞ ገንዘብ ያዥ ደግሞ ለኮሚቴ እንደ ክፍት በር ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የጻፍኩት ሁለቱንም ነው፤ እንዴት እንደሚወረድ፣ ከወረዱ በኋላ ቅዳሜው በምን እንደሚሞላ።

አንደኛ፦ ወሩን ምረጡ፣ ምክንያታችሁን አሳጥሩ

ሂሳብ ሳይዘጋ አትውረዱ። ኦዲት ሳይደረግ የወረደ ገንዘብ ያዥ "ሸሸ" ነው የሚባለው፤ አሥር ዓመት የለፋው ልፋት በአንድ ቃል ይሄዳል። የእኛ ቅሬ ሂሳብ የሚዘጋው ሰኔ 30 ነው። ስለዚህ ሐሳቤን የተናገርኩት ሚያዝያ ላይ ነው፤ ለመተካካት ቢያንስ ሁለት ወር ያስፈልጋል።

ስትናገሩ ደግሞ ስብሰባ ላይ አትጀምሩ። ስብሰባ ላይ የተነገረ "ልውረድ" ለጭብጨባ የተመቸ ነው። ሰብሳቢው ቤት ሂዱ፣ ማታ፣ ለብቻችሁ። የእኛ ሰብሳቢ ትልቅ ሰው ናቸው፤ ሁላችንም ሀጂ ነው የምንላቸው። ሻይ ቀርቦልን እንዲህ ተባባልን፦

"ሀጂ፣ ከሰኔ በኋላ ልወርድ ነው።"

"ምነው? ያስቀየመህ አለ?"

"የለም። ደከመኝ።"

"ደከመኝማ እኔስ የት ሄጄ!" አሉና ስኳር ጨመሩልኝ። ትንሽ ዝም ብለው "በል እንግዲያው የሚተካህን ፈልግ" አሉ።

ልብ በሉ፤ የሰጠሁት ምክንያት አንድ ብቻ ነው። ከዚያ በፊት ሦስቱንም ጊዜ ምክንያት እደረድር ነበር። "ጊዜ የለኝም" ስል "ስብሰባውን ወደ ማታ እናድርገው" ይሉኛል። "ዓይኔ ደክሟል" ስል "የሚጽፍልህ ልጅ እንመድባለን" ይሉኛል። ምክንያት ባበዛችሁ ቁጥር መፍትሔ ታበዛላችሁ። "ደከመኝ" ግን መፍትሔ የለውም። እሱን ብቻ ይዛችሁ ቁሙ።

ሁለተኛ፦ ተተኪ ሁለት ያዙ

አንድ ብቻ ከያዛችሁ አንዱ ይሾልካል። የእኔ የመጀመሪያ ተተኪ ሥራ ቀይሮ ኮምቦልቻ ወረደ፤ ቅዳሜና እሁድ ብቻ ነው የሚመጣው። ሁለተኛዋ የሰፈራችን ልጅ ናት፤ የሂሳብ ትምህርት የጨረሰች፣ ጽሑፏ የሚነበብ። ሁለት ወር ሙሉ መዋጮ በሚሰበሰብበት እሁድ አጠገቤ ተቀመጠች። እኔ ዝም ብዬ አያለሁ፤ ደረሰኙን የምትቆርጠው እሷ ናት። በሁለተኛው ወር አባላቱ ብሩን ለእሷ መስጠት ጀመሩ። ያኔ ነው መውረዴ የገባኝ፤ ትንሽ ቅር አለኝ፣ አልዋሽም።

ሦስተኛ፦ ርክክብ

ዋናው ይህ ነው፤ ስለዚህ ረጋ ብላችሁ አንብቡት።

ከገንዘቡ ጀምሩ። ሦስት ቁጥሮች መስማማት አለባቸው። መዝገቡ ላይ ያለው ቀሪ፣ ከባንክ የወጣው የሂሳብ መግለጫ፣ እጃችሁ ላይ ያለው ጥሬ ብር። መዝገቡ ከባንኩና ከእጃችሁ ድምር ጋር አንድ ካልሆነ ርክክቡን አቁሙና ልዩነቱን ፈልጉ። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ያለው ሳይመዘገብ የቀረ ትንሽ ወጪ ላይ ነው፤ የመኪና፣ የወዛደር፣ የገመድ። ውዝፍ ያለባቸውን አባላት ስም ከነወሩ በሌላ ወረቀት ጻፉ። ይህ ካልተጻፈ ከዓመት በኋላ "እኔ እኮ ለእሱ ከፍያለሁ" የሚል አይጠፋም።

ደረሰኝ ቀጥሎ ነው። የተቆረጠው ጥራዝ ከየትኛው ቁጥር እስከ የትኛው፣ ያልተቆረጠው ከየት እስከ የት፣ ሁለቱም ይጻፍ። የተበላሸ ደረሰኝ አትቅደዱ። ዋናውና ቅጂው አንድ ላይ ተያይዞ፣ "ተሰርዟል" ተብሎ ተጽፎበት፣ ጥራዙ ላይ ይቅር።

ማህተሙን ስታስረክቡ እዚያው የርክክቡ ወረቀት ላይ አንድ ጊዜ ይመታ። የመጋዘኑ ቁልፍም ስንት ቅጂ እንዳለው ይጻፍ። እኔ ጋ አንድ ትርፍ ቅጂ በመሳቢያ ውስጥ ተገኝቷል፤ ከስድስት ወር በኋላ!

ቼክ ላይ የምትፈርሙ ከሆነ ስማችሁ ከባንኩ ካልወጣ አልወረዳችሁም። ባንክ የፈራሚ ለውጥ ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ የሚፈልገው ማህተም ያለበት ደብዳቤና የተፈረመ ቃለ ጉባኤ ነው፤ አዲሶቹ ፈራሚዎችም መታወቂያ ይዘው በአካል ይቀርባሉ። እኔ ይህን ለነገ እያልኩ አቆየሁት። ከርክክቡ ሁለት ወር በኋላ ለቀብር ገንዘብ ማውጣት ሲያስፈልግ ከወፍጮ ቤት ሰልፍ ጠርተው አስፈረሙኝ። ጥፋቱ የራሴ ነው።

አሁን ወደ ዕቃው። መጋዘን ውስጥ ሆናችሁ አትቁጠሩ። ጨለማ ነው፣ ጠባብ ነው፣ ሰው ይሰለቻል። ሁሉንም ወደ ደጅ አውጡት። አሮጌ ሸራ አንጥፉና ሰሃኑን አሥር አሥር እያደረጋችሁ ደርድሩ። አንድ ሰው ጮክ ብሎ ይቁጠር፣ አንድ ሰው ይጻፍ፣ ሦስተኛው ዝም ብሎ ይይ። የተሰነጠቀውን ለብቻ ቁጠሩ፤ ከደህናው ጋር ከተደባለቀ ነገ ሰባሪው እናንተ ናችሁ።

የእኛ ሰሃን ከሥሩ በቀይ የጥፍር ቀለም ምልክት አለው። ድሮ የኮሚቴው ሴቶች ያወጡት ብልሃት ነው፤ ቢታጠብም ቶሎ አይለቅም። ታዲያ ያን ቀን እየገለበጥን ስንቆጥር ዘጠኝ ሰሃን በሰማያዊ ቀለም ምልክት የተደረገበት ተገኘ። የጎረቤት ቅሬ ነው! ለቅሶ ላይ ተበድረን፣ ታጥቦ፣ ከእኛው ጋር ገብቷል። የእኛዎቹስ እነሱ ጋ ስንት ናቸው? ሀጂ ሳቁና "አላህ ያውቃል። ዘጠኙን መልሱ፣ የኛን ጠይቁ" አሉ። አሥራ አራት መጣልን። ከእኛ የጎደለው ከዚያ በኋላ አንድ እፍኝ ያህል ብቻ ቀረ። እሱንም "ጎድሏል" ብለን ጻፍነው። ጉድለት የሚያስቀይመው ሲደበቅ ነው።

ድንኳኑን ሳትዘረጉ አትረከቡ፣ አታስረክቡም። ደሴ ክረምቱ ከባድ ነው፤ እርጥቡን የተጠቀለለ ድንኳን በሳምንት ይሸታል፣ ቆይቶ ደግሞ ይበሰብሳል። ዘርግቶ፣ ፀሐይ አስመትቶ፣ ቀዳዳውን አይቶ፣ ካስማና ምሰሶውን ቆጥሮ ነው።

መንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራ ሰው ለዕቃ ገቢና ወጪ ሞዴል 19 እና ሞዴል 22 ያውቃል። ለቅሬ ያን ያህል አያስፈልግም፤ አንድ ሉክ ወረቀት ይበቃል። በሦስት ቅጂ ይጻፍ። አስረካቢ፣ ተረካቢ፣ ታዛቢ ይፈርሙበት። አንዱ ቅጂ የእናንተ ነው። ቤት ካርታው ያለበት ቦታ አስቀምጡት።

አራተኛ፦ ቴሌግራሙ

ቶሎ ልለፈው። ግሩፑን የከፈታችሁት እናንተ ከሆናችሁ መጀመሪያ አድሚንነቱን ለሌላ ስጡ። ከዚያ ውጡ። ደብዳቤ አትጻፉ፣ የስንብት መልእክት አትላኩ። የስንብት መልእክት ስር አርባ ሰው "ኧረ አይሆንም!" ይላል፤ እናንተም ትለሰልሳላችሁ።

አሁን ቅዳሜው

ሥራው የሚጀምረው ዓርብ ማታ ነው። አራት ነገር ብቻ የያዘ ዝርዝር ጻፉ። አምስተኛ አትጨምሩ። የእኔ የዚያ ሳምንት እንዲህ ይላል፦ ቧንቧ፣ ወፍጮ፣ ጫማ፣ ክራር። ከዚያ ለንፍሮ የሚሆን ባቄላ ወይም ሽምብራ ዘፍዝፋችሁ ተኙ። ይህን የምለው በምክንያት ነው። ደሴ ከባሕር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ ነው ያለችው። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ስለዚህ ያልተዘፈዘፈ ጥራጥሬ ቶሎ አይበስልም፣ እሳት ብትጨምሩም ውሃው ከዚያ በላይ አይሞቅም። ኮምቦልቻ ያለችው እህቴ እኔ ጋ ስትመጣ "የናንተ ባቄላ ድንጋይ ነው" ትለኛለች። ባቄላው ያው ነው። እሷ የሀረጎን ዳገት ወርዳ ዝቅ ያለ አገር ስለምትኖር ነው። ማታ ከዘፈዘፋችሁት ግን ጠዋት ብትጥዱት ለምሳ ይደርሳል።

ጠዋት ስትነሱ የጦሳ ተራራ በጉም ተሸፍኖ ይሆናል። አትቸኩሉ። ጋቢ ደርቡ፣ ንፍሮውን ጣዱ፣ ሻያችሁን ጠጡ። ስልኩን ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀምጡት። "ሰው ቢሞትስ?" የሚል አለ። ሰው ቢሞት ጥሩምባ ይነፋል፤ ጥሩምባ ደግሞ ቻርጅ አይጨርስም።

ቧንቧው

ከቤት ሳትወጡ መጀመሪያ ቧንቧውን ፍቱ። ምክንያቱም ሱቅ የምትሄዱት የድሮውን ጎማ ናሙና ይዛችሁ ነው። "የቧንቧ ጎማ ስጠኝ" ብላችሁ በቃል ብትሄዱ ሁለት ጊዜ ዳገት ትወጣላችሁ።

ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ከሆናችሁ ውሃ ያለበትን ቀን ምረጡ፤ አለዚያ ሥራችሁ መሥራት አለመሥራቱን መፈተሽ አትችሉም። ሁለት ጀሪካን ውሃ ሙሉ። ይህን የሚረሳ ብዙ ነው፤ ቧንቧው ተፈቶ ሳለ ለእጅ መታጠቢያ እንኳ ውሃ ይጠፋል። ከዚያ ቆጣሪው ወይም ሮቶው አጠገብ ያለውን ዋና መዝጊያ ዝጉ። ቧንቧውን ከፍታችሁ ውስጡ የቀረውን ውሃ አፍስሱ።

አሁን የላቫንዲኖውን ቀዳዳ በጨርቅ ድፈኑ። እኔ አልደፈንኩም። መያዣውን የምታስረዋ ብሎን ከካቻቢቴው ጫፍ ወርዳ "ጭልጥ" ብላ ገባች። ሽቦ አጥፌ፣ ማግኔት አስሬ፣ ግማሽ ሰዓት ፈለግኋት። ባለቤቴ ከወጥ ቤት ብቅ ብላ "በስብሰባ ብትወስኑባት ኖሮ እስካሁን በወጣች" አለችኝ።

ብሎኗን ፈትታችሁ መያዣውን አንሱ። ከሥሩ ያለውን ራስ በፒንሳ ይዛችሁ ወደ ግራ አዙሩ፤ እንዳይቧጠጥ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ያዙት። ራሱ ሲወጣ ከታች ጫፉ ላይ ትንሽ ክብ ጎማ ታያላችሁ። የሚያንጠባጥበው እሷ ስለደረቀች ወይም መሃሏ ስለተበላ ነው። አውጥታችሁ በወረቀት ጠቅልላችሁ ኪስ አስገቡ። የቤት ቧንቧ አብዛኛው ግማሽ ኢንች ነው፤ ቢሆንም ናሙናው ይሻላል።

ሱቅ ደርሳችሁ ስትመለሱ አዲሱን ጎማ በቦታው አስገቡ፣ ራሱን መልሱ፣ አጥብቁ። ግን በጉልበት አይደለም። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ነው። ቧንቧው ሲዘጋም ከመጠን በላይ ከጠበቀ አዲሱ ጎማ ይጨፈለቅና በወሩ ያንጠባጥባል። ዋናውን መዝጊያ በዝግታ ክፈቱ። አሁንም የሚያንጠባጥብ ከሆነ ጎማው የሚያርፍበት ብረት ተበልቷል ማለት ነው፤ ያኔ ቧንቧውን መቀየር ይሻላል።

ወፍጮና ጫማ

ደሴ ቁልቁለትና ዳገት ናት። ስለዚህ ጉዳያችሁን በዕቃው ክብደት ሳይሆን በመንገዱ ቁልቁለት አቅዱ። የእኔ ቤት ከፒያሳ ሽቅብ ነው። ስወርድ ጤፉን ተሸክሜ እወርዳለሁ፤ ስመለስ ከዱቄቱ ጋር በባጃጅ ነው። ወጣት ሳለሁ በጀርባዬ አዝዬ እወጣ ነበር። አሁን ባጃጅ አለ፤ ወገቤ አልተሻለም እንጂ ኑሮስ ተሻሽሏል።

ወፍጮ ቤት እህሉን አስመዝግባችሁ ተራ ያዙ። ቆማችሁ አትጠብቁ። ጫማውን ለሰፊው ስጡ፣ ጎማውን ግዙ፣ ተመለሱ። ሰልፍ ላይ ግን አንድ አደጋ አለ፤ የቅሬው ሰው ሁሉ የሚገኘው እዚያ ነው። "ጋሼ፣ ያቺ የመዋጮ ጭማሪ ነገር እንዴት ሆነች?" ይላችኋል። መልሱ "አዲሷን ገንዘብ ያዥ ጠይቅ" ነው። አስተያየት አትስጡ። አስተያየት ከሰጣችሁ እሁድ ስብሰባ ላይ "ጋሼ እንዳሉት" ተብሎ ይነበባል።

ዱቄቱ ከወፍጮ ሲወጣ ትኩስ ነው። ቤት እንደደረሳችሁ የጆንያውን አፍ ፍቱ፤ ሰፋ ባለ ዕቃ ላይ ዘርጋችሁ አቀዝቅዙት። በትኩሱ የታሰረ ዱቄት ያልበዋል፣ ይጓጉላል፣ ይሸታልም።

በሩ ሲንኳኳ

ይንኳኳል። እኔ ጋ የተንኳኳው ስድስት ሰዓት ላይ፣ ንፍሮው ቀርቦ፣ ቡናው አቦል ላይ ሳለ ነው። አዲሷ ገንዘብ ያዥ ናት፤ መዝገብ ታቅፋለች።

"ጋሼ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ።"

"ግቢ የኔ ልጅ። ቡና ደርሶልሻል።"

እዚህ ላይ ነው ጥበቡ። ሰውየውን አስገቡ፣ መዝገቡን ግን አታስገቡ። ንፍሮ ሰጠኋት፣ ቡና ጠጣች። መዝገቡ ጉልበቷ ላይ እንደተዘጋ ነው። በረካው ላይ ስትደርስ ጠየቀችኝ፤ የአንድ አባል ውዝፍ ነው፣ የስንት ወር እንደሆነ ጠፍቷት። እኔ አስታውሰዋለሁ። ምላሴ ላይ ነበር! ግን "ከርክክቡ ጋር ባለው ዝርዝር ላይ አለ፤ ሁለተኛው ገጽ" አልኳት። ከፈተች፣ አገኘች። ብነግራት ኖሮ በሚቀጥለው ቅዳሜም ትመጣ ነበር። የነገርኳት የት እንደሚገኝ ስለሆነ ከዚያ ወዲህ የመጣችው ለቡና ብቻ ነው።

ወረቀቱ ላይ የሌለ ነገር ከጠየቁ ግን ንገሩ። ኮሚቴ መልቀቅ ጎረቤት መልቀቅ አይደለም። ብቻ ነግራችሁ ስትጨርሱ "ጻፊው" በሉ።

ክራሩ

ከሰዓት በኋላው ለእጅና ለጆሮ ይሁን። ጓሮ የሚወድ ጎመኑን ይኮትኩት። የእግር መንገድ የሚወድ ወደ ጦሳ ሽቅብ ይበል። የእኔ ክራር ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ 12 ዓመት አቧራ ጠጥቷል። ሁለት ክሩ ተበጥሷል፤ የቀሩት አራቱ ልብስ ማስጫ ገመድ መስለዋል። እንዲህ አደረግኩት።

መጀመሪያ ቆዳውን አየሁ። በጣት መታ ስታደርጉት ደረቅ ያለ ድምፅ ካልሰጠ ላልቷል። የክራር ቆዳ እርጥበት ሲያገኝ ይላላል፣ ሲደርቅ ይወጠራል፤ በደሴ ጉም ደግሞ ብዙ ጊዜ ያለው ልል ነው። ፀሐይ ላይ ትንሽ አውጡት፤ ከእሳት ግን አርቁት፣ ይሰነጠቃል።

ቀጥሎ ክር። ድሮ የከብት ጅማት ነበር፤ አሁን ብዙው ሰው የሚጠቀመው ናይለን ነው። ስድስቱንም በአንዴ አትፍቱ። አንድ በአንድ ቀይሩ። ሁሉም ከተፈታ ብርኩማው፣ ማለትም ክሮቹ ቆዳው ላይ የሚያርፉባት እንጨት፣ ይወድቃል፤ መልሶ ቦታውን ማግኘት አበሳ ነው። ክሩን ከታች ቋጥሩ፣ በብርኩማው ላይ አሳልፉ፣ ላይ ቀንበሩ ላይ ከመቃኛው ጋር ጠምጥሙ። ለመጠምጠም በቂ ትርፍ ተዉ፤ አጥሮ የቀረ ክር ይሾልካል።

ከዚያ ቅኝት። ቅኝቶቻችን አምስት ድምፅ ነው ያላቸው፤ ስድስተኛው ክር አንዱን ድምፅ በእርከን ከፍ አድርጎ ይደግመዋል። ከዋናዎቹ አራት ቅኝቶች ውስጥ ባቲና አምባሰል የእኛው የወሎ አገሮች ስም ናቸው፤ ትዝታና አንቺሆዬ ይጨመራሉ። ለጀማሪም፣ እንደ እኔ ዝጎ ለተመለሰም፣ ትዝታ ሜጀር ይሻላል፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። ዶን በራሳችሁ ድምፅ ልክ ያዙ፤ ስታንጎራጉሩ የሚመቻችሁ ቦታ ላይ። ስልክ ላይ መቃኛ አፕ አለ። የእኔ ስልክ ቁም ሳጥን ውስጥ ስለሆነ በጆሮዬ ቃኘሁት፤ ባለቤቴ ከውስጥ "ላይኛዋ አልወጣችም" እያለች አረመችኝ። ጆሮዋ ከእኔ ይበልጣል።

ትዝታ ማይነር ከፈለጋችሁ ሚ እና ላን ብቻ ግማሽ ድምፅ ዝቅ አድርጉ። ሌላውን አትንኩ። ሁለት ክር ትንሽ ሲላላ ቤቱ እንዴት እንደሚቀየር ትሰማላችሁ። የእኔ ግቢ ውስጥ ልብስ ታሰጣ የነበረች ተከራያችን ቆም ብላ "ወይኔ ጋሼ፣ አሁንማ አስለቀሱን" አለች።

ስለ አመታቱ ብዙ አልልም። ክራር ይገረፋል፣ ይደረደራልም። ግርፍ ስትመቱ ቀኝ እጅ ሁሉንም ክር ይጠርጋል፤ ግራ እጅ የማይፈለጉትን ክሮች በጣት ነክቶ ዝም ያሰኛል። ድርድር ላይ ደግሞ ጣቶች ክር ክሩን ለየብቻ ይነካሉ። መጀመሪያ ቀን ሃያ ደቂቃ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ጣት ያቃጥላል። የእኔ ጣት የለመደው እስክሪብቶ ነው።

ጥሩምባው ከተነፋ

ያን ቀን አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተነፋ። ክራሩ ጭኔ ላይ ነበር። ሰውነቴ ሳላዘው ተነሳ፤ እጄ ኪሴ ገብቶ የመጋዘን ቁልፍ ፈለገ። የለም። አስረክቤያለሁ።

እንዲህ አድርጉ። ክራሩን ስቀሉ። ጋቢ ልበሱ። ለፋፊው የማን ቤት እንደሆነ ሲናገር አዳምጡ። ከዚያ እንደማንኛውም አባል ሂዱ። መቅረት አይቻልም፤ የወረዳችሁት ከኮሚቴው ነው፣ ከቅሬው አይደለም። ለቀስተኛው መሃል ቦታ ያዙ፣ ከመጋዘኑ መንገድ ራቅ ብላችሁ። ድንኳኑ ሲተከል አንዱ ምሰሶ ይጣመማል፤ ዝም በሉ። "ሰሃኑ ስንት ይውጣ?" ሲባል ጭንቅላታችሁ ውስጥ ቁጥሩ ይመጣል፤ ይምጣ፣ አታውጡት። እኔ ሀጂ ጎን ተቀምጬ ነበር። እሳቸውም አይተውኛል። "አብሽር፣ ትለምደዋለህ" አሉኝ ቀስ ብለው።

እሁድ ጠዋት አንድ ሥራ ይቀራል። አዲስ ክር ሌሊቱን ይላላልና ክራራችሁ ወርዶ ያድራል። መልሳችሁ ቃኙት፤ ሰኞም እንደዚያው፣ ማክሰኞም፣ ክሩ መርጋት እስኪጀምር።